ከሰሉን ዛሬ ማታ አውጪው፣ ብርዱን ከጣሪያው እንጀምር

ጥያቄ፦ «ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። በሥራ ምክንያት ሐረር ከገባሁ ገና ጥቂት ወራት ሆነኝ። ከጀጎል ውጭ ሁለት ክፍል የብሎኬት ቤት ተከራይቼ ከእናቴና ከስምንት ወር ወንድ ልጄ ጋር እኖራለሁ። ኅዳር ከገባ ወዲህ ሌሊቱን አልቻልነውም። በሩም መስኮቱም ላሜራ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሳሎኑ ኮርኒስ አለው፣ መኝታ ቤቱ ግን የለውም። 2000 ዋት ሂተር ገዝቼ ነበር፤ የመብራት ካርዱን በላው። አሁን እናቴ ማታ ማታ ከሰል አቀጣጥላ፣ ፍም ሲሆን መኝታ ቤት ታስገባልናለች። ‹ጭሱ ካለቀ ምንም አያደርግም› ትላለች። እኔ ግን ጠዋት ራሴን እያመመኝ እነሳለሁ። እሷንም ያጥወለውላታል። ቢሮ ስገባ ይተወኛል። ብርዱ ይሆን? ካርድ የማይበላ ሂተርስ የትኛው ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ሂተሩ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ራስ ምታቱ። ብርዱ አይመስለኝም። የአንድ ቤት ሰዎች አንድ ላይ ራሳቸውን ሲያማቸው፣ ሲያጥወለውላቸው፣ ከቤት ወጥተው ንጹሕ አየር ሲያገኙ ደግሞ ሲሻላቸው፣ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ከሰሉ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ምድጃው መኝታ ቤት አይግባ። ነገም አይግባ። ይህን ለድርድር አላቀርበውም።

ጊዜ ሳትሰጡ ሦስታችሁም ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ። ስትገቢ «ራሴን አመመኝ» ብቻ ብለሽ እንዳትቆሚ። «ማታ ማታ የምንተኛው ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ ነው» በይ። ጣት ላይ እየተሰካ የኦክስጅን መጠን የሚለካው ትንሹ መሣሪያ በከሰል ጋዝ የተመረዘን ሰው ደህና አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል። ሐኪሙ ስለ ከሰሉ ካልሰማ ነገሩ ሊያመልጠው ይችላል። ልጅሽ ደግሞ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ከወትሮው በላይ ተነጫንጮ፣ ጡት አልይዝ ብሎ፣ ወይም ፈዞ ከሆነ አንቺ ንገሪለት።

እናትሽ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ከሰሉ ፍም ሲሆን ጭሱ ይቀንሳል። ዓይን የሚያቃጥለውና የሚያስለው ነገር ይጠፋል። ፍሙ ግን እስከ መጨረሻው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ማውጣቱን አይተውም። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አያስልም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዘዋል። የተያዘው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን መሸከም አይችልም። ሰው ነቅቶ እያለ ሲደርስበት ራሱን ያመዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ያስመልሰዋል፤ አንድ ነገር እንደሆነ ይገባዋል። የተኛ ሰው ግን ምልክቱ አይቀሰቅሰውም። ብዙ ሰው የሚሞተው በእንቅልፉ ነው። ሕፃን ደግሞ ከትልቅ ሰው ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ጋዙ ፈጥኖ ይጎዳዋል።

አንዳንዱ ፍሙን አመድ አልብሶ ያስገባል። አመድ የለበሰው ፍም አየር አጥሮት ቀስ ብሎ ስለሚነድ ጋዙ ይቀጥላል፤ የሚያታልለው እሳቱ የበረደ መምሰሉ ነው። አንዳንዱ ሎሚ ወይም ጨው ጣል ያደርግበታል፣ አንዳንዱ አጠገቡ ውሃ ያስቀምጣል። አንዱም ጋዙን አያስቀርም። መስኮት ትንሽ ከፍቶ መተኛትም አያስተማምንም። ሌሊቱን ምን ያህል ጋዝ እንደወጣና ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳይ ነገር ቤታችሁ ውስጥ የለም።

እናትሽን ማሳመን ከባድ እንደሚሆንብሽ ይገባኛል። ከሰሉን የሚያስገቡት ለልጅ ልጃቸው ሲሉ ነው። «አትችይም፣ አታውቂም» ብትያቸው ይከፋቸዋል። ስለዚህ ይህችን አንቀጽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው፦ እማማ፣ እርስዎ ከሰል ሲያቀጣጥሉ የኖሩት በድሬ ነው። እዚያ ምድጃው በረንዳ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ነው፤ በሩ መስኮቱ ሌሊትም ጭምር ክፍት ነው። ለዚያ ነው ያልጎዳዎት። ሐረር ግን ብርዱ ሁሉን ነገር አዘግቷል። የተለወጠው ቤቱ እንጂ የእርስዎ ባለሙያነት አይደለም። ቡናዎን እንደወትሮው ያፍሉ። በሩ አጠገብ፣ በሩ ተከፍቶ ይሁን። አቦል፣ ቶና፣ በረካው ሲያልቅ ምድጃው ከነፍሙ ውጭ ይውጣ።

እግረ መንገዴን ለሌሎቻችሁም ልናገር። ድሬም ሐረርም መስኮት ዘግቶ፣ መጋረጃ ጥሎ፣ መሐል ላይ ከሰል አድርጎ የሚቃምበት ቤት ብዙ ነው። በምርቃና የመጣ የመሰለ ራስ ምታት ከከሰሉ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ሲዞርበት ወይም ሲደክመው ካያችሁ መጀመሪያ ሰዉን ሁሉ ወደ ውጭ አውጡ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሐኪም።

አሁን ወደ ብርዱ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሐረር 1900 ሜትር ገደማ ነው። 1000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ከድሬ ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ስትወጪ የመኪናውን መስኮት የሚያዘጋሽ ይህ ነው። በዚያ ላይ በበጋ ሰማዩ ጥርት ይላል። ደመና ስለሌለ መሬትም ጣሪያም ቀን የያዙትን ሙቀት ማታ ወደ ሰማይ ይለቃሉ። ቁሩ ከኅዳር እስከ ጥር የሚበረታው ለዚህ ነው።

የአንቺ ቤት ደግሞ ሙቀት የሚይዝበት ነገር የለውም። በጀጎል ውስጥ ያሉትን የጥንት የሐረሪ ቤቶች ገብተሽ አይተሽ ይሆናል። ግድግዳቸው ወፍራም ድንጋይና ጭቃ ነው፣ ጣሪያቸው በእንጨት ላይ የተደለደለ አፈር ነው፣ መስኮታቸው ጥቂት ነው። ቀን የገባውን ሙቀት ግድግዳው ይዞ ማታ ቀስ እያለ ይለቃል። ሰዉም የሚቀመጠው ወለል ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ በተሠራው፣ ምንጣፍ በለበሰው ነደባ ላይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ነደባው ከዚያ በላይ ነው። የብሎኬትና የቆርቆሮ ቤት ግን ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ አንድ ብር እንኳ ብታገኚ መጀመሪያ ጣሪያው ላይ አውዪው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። መኝታ ቤትሽ ኮርኒስ ስለሌለው ሂተሩ ያሞቀው አየር በቀጥታ ቆርቆሮውን ይነካና ይቀዘቅዛል። ቆርቆሮ ስስ ብረት ነው፤ ከሰማዩ የሚለይሽ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጠዋት ቀና ብለሽ እዪው፤ ከውስጥ በኩል ጠል ተንጠልጥሎበት ታገኚዋለሽ። ያ የትንፋሻችሁ እርጥበት ነው።

ቺፑድ ኮርኒስ ብትችዪ ጥሩ ነው። ካልሆነ በአቡጀዲም በማዳበሪያ ከረጢትም የሚሠራው ይበቃል። ዋናው ቁም ነገር በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ዝም ብሎ የተቀመጠ አየር መኖሩ ነው። አየር ካልተንቀሳቀሰ ብርድ እምብዛም አያሳልፍም። ስለዚህ ኮርኒሱ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ክፍተት እንዳይተው ለሠራተኛው ደጋግመሽ ንገሪው። ዙሪያውን በእንጨት ጠርዝ ይያዝ። የመብራት ሽቦ በከረጢቱ ላይ ተጋድሞ እንዳይቀር ተጠንቀቂ። ላስቲክ ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ሽቦው በቱቦ ውስጥ ይለፍ።

ሌላ ሰው ብዙ ጊዜ የማያየው ቦታ አለ። ቆርቆሮው እጥፋት ያለው ስለሆነ ግድግዳው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ከሥሩ ግማሽ ክብ የሆኑ ቀዳዳዎች ይቀራሉ። አንድ በአንድ ሲታዩ ትንሽ ናቸው። ክፍሉን ዙሪያውን ብትቆጥሪያቸው ግን የመስኮት ያህል ይሆናሉ። ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ወይም ሲሚንቶ በቀላሉ ይደፍናቸዋል። ቤት ውስጥ ከሰል እስካለ ድረስ ግን ይህን እንዳትነኪ። መጀመሪያ ከሰሉ ይውጣ፣ ከዚያ ቀዳዳው ይደፈን። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ኪራይ ቤት ስለሆነ «የሰው ቤት ለምን ላድስ» ትይ ይሆናል። አከራይሽን ቀርበሽ አነጋግሪያቸው። ኮርኒሱ በግንቦት ሙቀትም ቆርቆሮው ራስ ላይ እንዳያነድ ያደርጋል፤ ቤቱም ዋጋ ይጨምራል። ዕቃውን አንቺ ገዝተሽ ከኪራዩ እንዲቀነስልሽ፣ ወይም እሳቸው ዕቃ ገዝተው የእጅ ዋጋውን አንቺ እንድትችዪ መስማማት ይቻላል። የተስማማችሁትን በወረቀት አድርጉት፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ሰው ክፉ ሆኖ ሳይሆን ቃል ስለሚረሳ ነው።

ከጣሪያው ቀጥሎ በሩ። ነፋስ በሌለበት ሰዓት አይፈተሽም። ማታ ነፈስ ሲል ሰንደል አቀጣጥዪና በበሩ ጠርዝ፣ በመስኮቱ ዙሪያ፣ በቁልፍ ቀዳዳው በኩል ቀስ እያልሽ አዙሪው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ብርድ እየገባ ነው። በእርሳስ ምልክት አድርጊበት። የላሜራ በር ሥሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ጣት ያስገባል። አሮጌ ሱሪ እግሩን ቆርጠሽ ጭድ ወይም ጨርቅ ሞልተሽ ሁለቱን ጫፍ ስፊው፤ ማታ ማታ በበሩ ሥር ታጋድሚዋለሽ። ለበሩ ጠርዝ በአንድ በኩል ማጣበቂያ ያለው የስፖንጅ ጥቅል ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ታገኛለሽ። መስታወቱ ከፍሬሙ ጋር የሚገናኝበት ስቱኮ ተሰነጣጥቆ ከሆነ አስሞዪው፤ ትንሽ ሥራ ነው።

ላሜራው ራሱም ብርድ ያሳልፋል። ከውስጥ በኩል ወፍራም መጋረጃ፣ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ከላይ እስከ ወለል ስቀዪበት። መጋረጃው ከመስኮቱ አጥሮ ከቀረ ብዙም አይጠቅምሽም።

ፀሐዩን ደግሞ አትርሺ። ነጻ ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በደቡብ በኩል መስኮት ካለሽ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ መጋረጃውን ግለጪ፣ መስኮቱን ክፈቺ። ያኔ ውጪው ከቤትሽ ይሞቃል። ፍራሹንና ብርድ ልብሱን አውጥተሽ አስጪ። እርጥብ ብርድ ልብስ አያሞቅም፤ ሌሊቱን ሙሉ ከላባችን የያዘውን እርጥበት ቀን ካላስወጣን ማታ መልሶ ይበርደናል። ከዚያ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ ሳይዘቀዝቅ ሁሉን ነገር ዝጊ። አብዛኛው ሰው የሚዘጋው ብርድ ሲሰማው ነው፤ ያኔ ሙቀቱ ሄዷል። ልብስ ቤት ውስጥ አታስጪ።

አሁን ወደ አልጋው ልምጣ። ክፍል ሙሉ አየር ከማሞቅ ሰውን ማሞቅ እጅግ ይረክሳል። ካርድሽን የሚያድነው ይህ ነው።

ፍራሹ ሊሾ ወለል ላይ ከሆነ ከላይ የምትደርቢው ብርድ ልብስ ብዙም አያድንሽም። ስፖንጁ በሰውነትሽ ክብደት ይታመቃል፤ ሲሚንቶው ከሥር ሙቀትሽን ይመጥጣል። ከፍራሹ ሥር ዘርግተሽ ተደራራቢ ካርቶን አድርጊ፣ በላዩ ሰሌን፣ በላዩ ፍራሽ። አልጋ ካለ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ ግን እዚያም በፍራሹና በአንሶላው መካከል አንድ ብርድ ልብስ አንጥፊ። ከላይ አንድ ወፍራም ከምትደርቢ ሁለት ስስ ደርቢ። ጋቢ የሚያሞቀው ለዚህ ነው። አራት ድርብ ጥጥ ነው፤ በየድርቡ መካከል አየር ይዟል። ጋቢውን ከሥር፣ ብርድ ልብሱን ከላይ።

ማታ እራት ሲበሰል ትልቅ ፔርሙስ ሙሉ ውሃ አፍልተሽ ያዢ። ከመኝታ በፊት ግማሽ ሰዓት ሲቀር በጎማው የሙቅ ውሃ ከረጢት አድርገሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ አልጋው እግርጌ አስገቢው። ተራ የሃይላንድ ጠርሙስ ለፈላ ውሃ አይሆንም፤ ይጨማደድና ይፈሳል። ሂሳቡን ልስጥሽ። ሁለት ሊትር ውሃ ለማፍላት 0.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይበቃል። የአንቺ 2000 ዋት ሂተር ያንን በስድስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ከረጢቱ ግን እኩለ ሌሊት ድረስ እግርሽን ያሞቅሻል።

ለእናትሽ ካልሲና የራስ መሸፈኛ፣ ብርድ ከመሰማቱ በፊት። የቀዘቀዘን እግር መልሶ ማሞቅ ለእሳቸው ዕድሜ ጊዜ ይፈጃል። ከመኝታ በፊት ትኩስ ሾርባ፣ ወይም ሐረር ከገባችሁ አይቀር ቁጢ (በቡና ቅጠል የሚፈላውን) በወተት አስለምጃቸው።

ለልጅሽ ግን ሌላ ጥንቃቄ አለ። የሙቅ ውሃ ከረጢት አልጋውን ያሙቅለት፣ እሱ ሳይተኛ በፊት ግን ይውጣ። ቆዳው ይቃጠላል። ከባድ ብርድ ልብስ ፊቱ ላይ ሊወጣበት ስለሚችል ከመደራረብ ይልቅ ልብሱን አብዢለት፦ ስስ ጥጥ ከውስጥ፣ ሙሉ ቱታ ከላይ። እጁ ቢቀዘቅዝ አትደንግጪ፤ የሕፃን እጅ እንደዚያ ነው። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ንኪ። ሞቅ ካለ ደህና ነው። ካላበው ደግሞ አንድ ልብስ ቀንሺ።

ወደ ጠየቅሽኝ ሂተር። ካርድ የማይበላ የሚባል የለም። ሽቦ አግሎ የሚያሞቅ ሂተር ሁሉ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በልቶ የሚሰጥሽ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ነው፤ ውድም ይሁን ርካሽ። ሻጩ ሌላ ነገር ቢነግርሽ አትመኚው። 2000 ዋቱን በየማታው አምስት ሰዓት ብታበሪው 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በወር 300። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም እየጨመረ የሚሄድ ነው። ካርዱ የተበላው ለዚህ ነው። ሌላ አትግዢ። ያለሽን ተጠቀሚበት፣ ግን መኝታ ቤቱ ተዘግቶ፣ ከመኝታ በፊት ለግማሽ ሰዓት ብቻ። ስትተኙ ይጥፋ። ከመጋረጃና ከአልጋ አንድ ሜትር ይራቅ። ዲቫይደር ላይ ሳይሆን ግድግዳው ሶኬት ላይ በቀጥታ ይሰካ። ምጣድ እየሠራ ሳለም አታብሪው፤ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ሦስት ሺሕ ዋት አልፎ ይሄዳል፤ ሁለቱን አንድ መስመር አይችላቸውም። ሽቦው የወጣ የኤሌክትሪክ ምድጃ ወለል ላይ አድርጎ መሞቅ ደግሞ የሚድህ ልጅ ባለበት ቤት ፈጽሞ አይሞከርም።

እንጀራ የምትጋግሪበትን ሰዓት ግን ወደ አመሻሹ ማዞር ትችያለሽ። በኤሌክትሪክ ከሆነ የምትጋግሪው፣ ምጣዱ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ትኩስ ነው። ቀድሞውኑ የከፈልሽበት ሙቀት ነውና እንፋሎቱ ትንሽ ከወጣ በኋላ ወደ መኝታ ቤት የሚወስደውን በር ክፍት አድርጊው።

ኮርኒሱ ካለቀ በኋላ ሂተሩን ለግማሽ ሰዓት ሞክሪውና ክፍሉ ለስንት ሰዓት ሞቆ እንደሚቆይ ጻፊልኝ። ሐኪሙ ያለሽንም ጨምሪበት።